ያው ነው የተባለው ፓወር ሰፕላይ

ጥር 6፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

አንድ ብሎን ጠፍቶብኛል። ጠረጴዛው ስር ገብቼ ፈለግኩ። አቧራ፣ የተሰበረ ሚሞሪ ካርድ፣ አምና የጠፋብኝ የጆሮ ጌጥ። ብሎን የለም። ይጥፋ! የሚታሰር ነገር ሲኖር አይደል።

ደብተሬ፣ ትልቁ ኮምፒዩተሬ ትናንት ሞተ። ከሱሉልታ ስመለስ፣ ባጃጅ ላይ። እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነበር። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጉድጓድ ጋ ባጃጁ አንዴ ዘለለ፤ ከውስጥ «ቋ!» አለ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ያ እንደ ፎቅ የቆመ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ተገንጥሏል፤ የታሰረበትን የማዘርቦርድ ጥግም ይዞ ነው የወደቀው። አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። አሁንም እዚያው ንዴት ላይ ነኝ።

ያን ማቀዝቀዣ የመረጠው ማን ነው? ባሌ ግርማ። (ከዚህ በኋላ ግ. ብቻ ነው የምለው፤ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ትዕግስት የለኝም።) ትልቅ ከሆነ በደንብ ያቀዘቅዛል አለ። የሚኒባሱ ራዲያተር መሰለው። ሹፌር አይደል።

ሥራዬን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሰርግ ቪዲዮ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን አስገባለሁ። ክፍሌ እዚሁ ቡራዩ ናት፤ ሰርጉ ግን ሰበታም ነው፣ ሱሉልታም ነው። ደግሞ አሁን ሰው ሁሉ ፊልሙን ለመልስ ዕለት እዚያው ቤት በትልቅ ስክሪን ካላየ ሰርግ የደገሰ አይመስለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እኔ የሄድኩበት ይሄዳል።

የሚቀጥለው ሰርግ ደግሞ የሔለን ነው። የግ. ታላቅ እህት የእትዬ ዘነበች ልጅ። ጥር 24 እሁድ ሱሉልታ፣ በሙሽራው ቤት። ሰኞ ጾመ ነነዌ ስለሚገባ መልሱ ወደ ሐሙስ ጥር 28 ተገፋ፤ ሰበታ፣ እትዬ ዘነበች ቤት። ፊልሙን አሳያለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። የግ. ዘመድ አንድ ሳይቀር ይቀመጣል፤ ሥራዬን «የወይንሸት ጨዋታ» የሚሉት በሙሉ። ካላሳየሁ ቀሪ ዕድሜዬን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ትንሽ ኮምፒዩተር። ወስኛለሁ። በአንድ እጅ የምትነሳ፣ ጉድጓድ የማትፈራ።


ጥር 8፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ከለታ ሱቅ መምጣቴ ነው። ለታ ከገበያው ከፍ ብሎ የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጥ፣ የሚገጣጥምም ሰው ነው። ጥሩ ዕቃ አለው ይባላል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ዓይኑ ነው የታመመው። ሴት አያይለትም።

ግ. በሚኒባሱ አደረሰኝ፤ አብሮኝ ገባ። ለታ ተነስቶ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። «አካም ጅርቱ ኦቦ ግርማ!» እንደምን አሉ አቶ ግርማ መሆኑ ነው። ለእኔ በርጩማ።

እኔ እጠይቃለሁ፣ ለታ ለግ. ይመልሳል። ትንሿ ማዘርቦርድ ስንት ራም ትይዛለች አልኩ። ሁለት ትይዛለች ኦቦ ግርማ። ግ. ራሱን ነቀነቀ። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት አላት? አንድ አላት ኦቦ ግርማ። ነቀነቀ። ምኑን ነው የሚነቀንቀው? ራምና በግ ለይቶ አያውቅም!

ቋንቋው ይሆን እንዴ ችግሩ ብዬ በኦሮምኛ ደገምኩት፤ ኮምፒዩተሩ የእኔ ነው፣ የምሠራበት እኔ ነኝ፣ እሱ ያደረሰኝ ሹፌር ነው አልኩ። ለታ ከልቡ ሳቀ። «ኤዬ፣ ኤዬ» (አዎ፣ አዎ) አለኝ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ ላፕቶፕ ለምን አይገዙላቸውም አለው።

ላፕቶፕ! የሦስት ሰዓት ሰርግ ሬንደር ሳስደርገው (ቆራርጬ የቀጠልኩትን አንድ ፊልም አድርጎ ሲያወጣ) እንደ ምጣድ የሚግል፣ አንድ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉ ነገሩ የሚጣል። ይቺ ግን ብትታመም የታመመውን ነቅዬ እቀይራለሁ። ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ለማን? ለበርጩማው።

ግን ደብተሬ፣ ማዘርቦርዷን ብታዪያት! ስንዝሬን ዘርግቼ ለካኋት፤ ስንዝር አትሞላም። ሁሉም ነገር አላት። ተናድጄ እንኳ ፈገግ አስባለችኝ። ለታ ፈገግታዬን አይቶ ለግ. «ወደዷት» አለው።


ጥር 12፣ ማክሰኞ፣ ማታ 1፡00

ብቻዬን ሄድኩ። ግ. መስመር ላይ ነበር። ለታ ደጅ ደጁን አየ፤ ኦቦ ግርማን እንጠብቅ ወይ አለኝ። ሚቲ! አልኩት። አንጠብቅም።

መረጥኩ። ማዘርቦርዷ ያቺው የስንዝሯ። ለማቀዝቀዣ ከፕሮሰሰሩ እስከ ኬዙ ክዳን ያለው ክፍተት ሦስት ጣት አይሞላም፤ ስለዚህ ጠፍጣፋው፣ ተኝቶ ወደ ታች የሚነፋው። ለታ አንድ ረዘም ያለ አምጥቶ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርገን እናስራለን አለኝ። ክዳኗ ተከፍቶ የሱሉልታን አቧራ ልትቅም? ጠፍጣፋው!

ፓወር ሰፕላይ (ለሁሉም ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ላይ ብዙ ተከራከርን። ትንሽ ኬዝ ውስጥ የሚገቡ ሦስት ደረደረልኝ። ሰው ሁሉ የሚያየው ተለጣፊው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ነው። እኔ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ አነበብኩ፤ በ12 ቮልቱ መስመር ስንት ይሰጣል የሚለውን። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ግራጫው በዚያ መስመር ሲታይ ጾመኛ ነው። ጥቁሯን ወሰድኩ። ቁጥሯ አነስ ይላል፤ የጻፈችውን ግን ትሰጣለች። ገመዶቿም ይነቀላሉ፤ የማልፈልገው ገመድ ተጠቅጥቆ አየር አይዘጋብኝም።

ለታ ገጣጥሞ ለዓርብ ሊያደርስልኝ። ዓርብ እኔ ሱሉልታ የሽምግልና ቀረጻ አለብኝ፤ ግ. ተቀብሎ ያመጣል። ማምጣት ብቻ። ደጋግሜ ነገርኩት። ማምጣት ብቻ!


ጥር 15፣ ዓርብ፣ ማታ

መጣች!

ደብተሬ፣ ውበት ነው። የዳቦ ቅርጫት አታክልም። በአንድ እጄ አንስቼ ክፍሏን ዞርኩ። አስነሳኋት፤ ድምፅ የላትም። የድሮው እኮ እንደ ግ. ያንኮራፋ ነበር። የሔለንን የቀለበት ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ፤ ሐር።

አንድ ያበሸቀኝ ነገር። ለታ ብሎኖቹ ላይ ፊርማ ያለበት ወረቀት ለጥፏል። ከተቀደደ ዋስትና የለም። የራሴን ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳላይ! ግ. አትንኪው አለ፤ ሰውየው በጥንቃቄ ነው የሠራው፣ አብሬው ቆሜ አይቻለሁ አለ። አብሮ ቆሞ አየ። ደስታዬን አላበላሽም ብዬ ተውኩት።


ጥር 18፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬስ አበድኩ።

ጠዋት ሰበታ ሄድኩ፤ ኮምፒዩተሯ ከእትዬ ዘነበች ቴሌቪዥን ጋር ትስማማ እንደሆነ ልሞክር። ቤቱ ለመልስ እየተዘጋጀ ነው። የእትዬ ዘነበችን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ፍሪጁ፣ የሞባይል ቻርጀሩ። ሰው ራሱ ብዙ ከቆመ ያለብሱታል። ሁሉን በእጃቸው ነው የሠሩት።

ኮምፒዩተሯን ቡፌው ላይ አስቀምጬ የቀለበቱን ፊልም ሬንደር ላይ ጣልኩ። ጓሮ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ እስኪያልቅ ላግዝ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኮምፒዩተሯም የለችም! አለች እንጂ፤ ዳንቴል ለብሳ ነው። አዲስ፣ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ፣ እስከ እግሯ የተሸፈነች። አናቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው።

ጮኽኩ። ሴቶቹ ቢላ እንደያዙ መጡ። እትዬ፣ አፍዎንና አፍንጫዎን አፍኜ ዳገት ውጡ ብልዎት ይወጣሉ ወይ? ታፍና ሞተች እኮ! ነገ ሔለን ምን ልትባል ነው? አልኩ፣ ሌላም አልኩ። ዳንቴሉን መንጭቄ ሳነሳው ክሩ የኬዙ ጥግ ላይ ያዘ፤ አንድ መስመር ሙሉ ተተረተረ።

እትዬ ዘነበች ክሩን ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ሰበሰቡ። «እኔ'ኮ በእንግዳ ፊት ራቁቷን እንዳትቆም ብዬ ነው» አሉ። ወደ ጓዳ ገቡ።

ይግቡ! ስንቴ ነው ይቺ መሣሪያ ትተነፍሳለች ብዬ የምናገረው? የዚህ ቤተሰብ ነገር፤ ወንዱ በመነቅነቅ ይገድላታል፣ ሴቷ በማልበስ። ታክሲ ውስጥ እስከ ዓለም ገና ብቻዬን ሳወራ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ቦታ ቀየረች።


ጥር 20፣ ረቡዕ፣ 8፡00 ሰዓት

ቆይ። ቆይ ደብተሬ። ተረጋግቼ ልጻፍ።

ዛሬ እዚሁ ክፍሌ ውስጥ፣ ያለ ዳንቴል፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ያንኑ ፊልም ሬንደር ላይ ጣልኩ። ከፊቷ አልተነሳሁም። የሙቀት ቁጥሯን በስክሪን እያየሁ። ቁጥሩ ደህና ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። ክዳኗን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ብሏል፣ ያ ብቻ። ሥራው ከበድ ያለበት ቦታ ስትደርስ ድርግም! እንደ መብራት።

አስነሳኋት። ድጋሚ። ድርግም።

ሙቀት ቢሆን ቁጥሩ ይወጣል ይወጣል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ታስጠነቅቃለች። ይሄ ሙቀት አይደለም። ይሄ ረሃብ ነው።

የለታን ወረቀት ቀደድኩት። በጥርሴ ነው የቀደድኩት፣ መቀስ አልፈለግኩም። ክዳኗን አነሳሁ። ቀይና ቢጫ ገመድ እንደ በግ አንጀት ተጠቅጥቋል። የኔዋ ገመዷ ይነቀላል እኮ! አየሁ። ግራጫው ነው። ጾመኛው። ጥቁሯ የለችም።

ለታ ጋ ደወልኩ። በትህትና መለሰልኝ፤ ጥቁሯን ለሌላ ሥራ ፈልጌያት ነበር፣ በዚያ ፈንታ ትልቅ ዋት ያለውን አስገባሁላችሁ፣ ለኦቦ ግርማም ነግሬአቸዋለሁ፣ ተስማምተናል አለ። ተስማምተናል!

ግ. ምሳ እየበላ ነበር። ጠየቅኩት። ጎረሰ። ውሃ ጠጣ። «ያው ነው አለኝ፣ ያው ነው አልኩት» አለ።

ያው መሆኑን በምን አወቅክ? አላወቅኩም። ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም? ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ «ሰውየው ፊት ቆሜ ሚስቴን ልጠይቅ?»

ደብተሬ፣ ያን ምሳ ከፊቱ አነሳሁት። ማንሳት ነው፣ አልደፋሁትም፤ ግን አነሳሁት። ባያውቅ አልፈርድበትም። እኔ የሚኒባሱን ፍሬን አላውቅም፣ አላውቅም እላለሁ። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲነቀንቅ ስለነበር አሁን መነቅነቁን ማቆም አቃተው! ለለታ አላውቅም ከሚል የእህቱ ልጅ መልስ ገደል ቢገባ መረጠ።

እና ቁጭ ብዬ ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ዳንቴሉ። ዳንቴሉ ምንም አላደረገም።


ጥር 21፣ ሐሙስ፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ማታ

ኮምፒዩተሯን ይዤ ሰበታ ደርሼ መጣሁ።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግራጫውን፣ ጥቁሯን፣ ያው ነውን። «እኔ ላይ የጮኽሽውን ያህል ግርማ ላይ ጮኸሽ ብታውቂ እዚህ ባልደረስን» አሉኝ። ተቀጣሁ።

ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። በየት በኩል ነው የምትተነፍሰው?

ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ባሌ የለ፣ ለታ የለ፣ ማንም። አየሩ በዚህ ጎን ይገባል፣ በአናቷ ይወጣል፣ ብዬ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ። ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የ12 ቮልቱን መስመር። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጣታቸውን አናቷ ላይ አድርገው ቀዳዳዎቹን በወርድ በቁመት ለኩ። ነገ ቡራዩ መጥቼ አብሬሽ ሱቁ እገባለሁ አሉ። የልጃቸው ሰርግ ሊደርስ፣ ቤቱ እንዲህ ተበጥብጦ! እንቢ ብል አልሰሙኝም።


ጥር 22፣ ዓርብ፣ 10፡30

ንዴቴ አልበረደም፤ ግን ዛሬ ስስቅ ጎኔ አመመኝ።

ለታ እትዬ ዘነበችን በነጠላቸው ሲያይ ተነሳ፤ ወንበሩን ለቀቀ። በርጩማው ለእሱ ሆነ። ጉዳዩን ሳስረዳው አሁንም በር በሩን ያያል። ኦቦ ግርማ አልመጡም? አለ።

እትዬ ዘነበች፦ «ግርማን ከፈለግህ ታክሲ ተራ ሂድ። ኮምፒዩተር ከሆነ ነገርህ ይቺውልህ።»

ለታ ላቡን ጠረገ። እንደ ጥቁሯ ያለ ሌላ የለም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይገባል። ሁለት ሳምንት! ግራጫው'ኮ ትልቅ ነው፣ ዋቱን ይዩት። ሰንጠረዡን አሳየሁት። እንደማያውቅ ሆነ። አስመሳይ፤ ያውቃል።

ሱቁ መስኮት ላይ ለጎረምሳ ማማለያ ያቆማት የመስታወት ኬዝ አለች፤ ያለ ሥራ ቀይ ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የምትል። እትዬ ዘነበች አተኩረው አዩዋት፣ ጠጋ አሉ። ያቺ ውስጧ ያለችው ጥቁር ነገር ምንድን ናት? አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ የኔዋ! ጥቁሯ! «ሌላ ሥራ» ያለው ይቺን ማብለጭለጭ ኖሯል!

እንዴት እንደጮኽኩ አልጽፍም። በሁለት ቋንቋ ነው። ለታ ዲስፕሌይ ነው፣ አትነካም አለ። እትዬ ዘነበች ወንበራቸውን ስበው ከኬዟ ፊት ተቀመጡ። የልጄ መልስ ሐሙስ ነው፣ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለኝ አሉት። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ፈታ። መስኮቱ ጨለመ። ውጭ ያሉት ጎረምሶች አጉረመረሙ።

ጥቁሯን እኔው ራሴ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ገጠምኳት። ወረቀት አልተለጠፈባትም። እዚያው ሬንደር ላይ ጣልኩ፤ ከበድ ያለው ቦታ ደረሰች፣ አለፈች። ዕቃ ለዋወጥኩ ብሎ ሰው ያጨበጭባል? አጨበጨብኩ።

ስንወጣ ለታ ለወደፊቱ ብሎ ስልኬን መዘገበ። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን አስግገው አነበቡ። «ወ/ሮ ግርማ» ብሎ ነው የጻፈው። ቆመው አስጠፉት። ወይንሸት፣ ወይንሸት በል!


ጥር 25፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ሰርጉ አለፈ። ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሔለን ግን ትከሻዋን ገልጣ ስትስቅ ዋለች። ኮምፒዩተሯን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ሄድኩ፣ በባጃጅ ተመለስኩ። ያው ጉድጓድ። ዘለልን። ከውስጧ ምንም አላለችም።

አሁን እየሠራች ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልወደቀችም።

ግ. በር ላይ ሦስቴ መጥቶ ተመልሷል። ውሃ ይዞ መጣ፤ ጾም ነው አልኩት። ሐሙስ በመኪና ላድርስሽ አለ። ማድረስ የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ። ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር፣ ሰርጉ ላይ የአክስቱ ልጅ ስለ ኮምፒዩተሯ ሲጠይቀው በጆሮዬ ሰማሁት፤ «ትንሽ ናት ግን ኃይለኛ ናት፣ እኔ ነኝ ያሠራኋት» ሲል! ከሁሉም በኋላ! ካሜራዬን ልወረውርበት ነበር፤ ካሜራዋ አሳዘነችኝ።

ደግሞ ሲጨፍር ቀርጬዋለሁ። ከረቫቱ ትከሻው ላይ ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ይሄን ፍሬም አልቆርጠውም። ሊያስፈልገኝ ይችላል።


ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ። ፊልሙ አልቋል፤ ሁለቴ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ሔለን ከቤት ስትወጣ እናቷ የሚያዩበት ቦታ ላይ እኔው ራሴ አለቀስኩ፣ የቆረጥኩት እኔ።

እትዬ ዘነበች በሰው ጥቅል ላኩ። ያ ዳንቴል ነው። የተተረተረውን መስመር ፈትተው አናቱን እንደ መስኮት ከፍተውታል፤ ጎኑንም እንደዚያው። አለበስኳት። አንዱንም ቀዳዳ አይነካም። ሙቀቷን ለካሁ፣ ያው። (ይሄኛው ያው የተለካ ያው ነው።)

ግ. አሁን መጣ። ሱፉን ለብሷል። በር ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ሰዎቹ ስለ ኮምፒዩተሯ ከጠየቁኝ ምን ልበል?

ጠየቀኝ ደብተሬ። አስቢው፣ ጠየቀኝ። ልስቅ አልኩ፤ አልሳቅኩም፣ ገና አልበረደልኝም። አላውቅም በል አልኩት። አላውቅም፣ እሷን ጠይቋት በል። መሬት መሬቱን አየ። አፉን አንቀሳቀሰው፣ እንደ ሕፃን ተለማመደው። «አላውቅም… እሷን ጠይቋት።» ድምፁ አልወጣም። ከፍ አድርገህ! አልኩት። ወጥቶ መኪና ውስጥ ገባ። በመስኮት አየዋለሁ፣ ብቻውን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ወስኛለሁ። በሱ መኪና እሄዳለሁ፤ ኮምፒዩተሯ ግን ከጭኔ አትወርድም። ሁሉም ሲቀመጡ፣ ከዘመድ አንዱ ሲጠይቀው፣ ያልኩትን ካለ ፊልሙ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ራሱን ከነቀነቀ ግን፣ ከረቫቱ የዞረበት ቦታ ላይ አቆመዋለሁ፣ በትልቁ ስክሪን፣ እስኪናገር ድረስ አላንቀሳቅሰ…

ክላክስ እያደረገ ነው። ይጠብቅ! ገመዷን ነቅዬ መሄዴ ነው።